ሳትጨርሱት አውሩት

ልጆቼ፣

ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ መጽሐፍ የያዘ ወጣት ካየሁ ሳልጠይቅ አላልፍም። «እንዴት ነው መጽሐፉ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ገና አልጨረስኩትም» ነው። ወሬው እዚያው ይቆረጣል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። እንደኔ እንደኔ፣ ስለ መጽሐፍ ለማውራት ጥሩው ጊዜ ገና መሐሉ ላይ ሳላችሁ ነው።

38 ዓመት በጤና ሙያ ሠርቻለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ከጎንደር ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። እኔና ባልደረባዬ የነበረን መጽሐፍ አንድ ፍቅር እስከ መቃብር ብቻ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። እሱ ቀን ሲገባ እኔ ቀን አነባለሁ፣ ማታ በፋኖስ የሱ ተራ ነው። የደረስንበትን ገጽ በቁራጭ ፋሻ እንለይ ነበር። የኔ ነጭ፣ የሱ አዮዲን የነካው። ተረኛ ስንቀያየር መጀመሪያ በሽተኞቹን እንረካከባለን፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ። እሱ ከታሪኩ ሰዎች አንዱን፣ ጉዱ ካሳን፣ «ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ሰው እንዲሰማው አድርጎ መናገር አይችልበትም» ይለው ነበር። እኔ ደግሞ ሽንጤን ገትሬ እከራከርለታለሁ። ክርክሩን ማን እንደረታ ትዝ አይለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ጉዱ ካሳ አፉን በከፈተ ቁጥር ከፊቱ ያሉትን ሰዎች ፊት ማየት ጀመርኩ። ብቻዬን ባነብ ኖሮ እሱን ብቻ ነበር የማየው።

በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። የዕለቱ ክፍል ያልቃል፣ ታሪኩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ «አሁን ሰብለ ምን ይሻላታል?» እያሉ ያመሻሉ። ማንም «ይለቅና እናወራለን» አላለም።

እኛ ጎንደሮች ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ፋሲል ግቢ ስትገቡ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ቤት ታያላችሁ። ደስ ይላል። ግን መጽሐፍ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጉባኤ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ጥግ ይዞ ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለየኔታ ይነግራል። ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፣ ይቃናል። ትርጓሜ ቤት ስትሄዱ ደግሞ መምህሩ አንዱን ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ። አሁንም «አንድም» ይላሉ። ይቺን ቃል እወዳታለሁ። የፊተኛውን ሳታፈርስ ለሌላው ቦታ ትለቅቃለች።

ስታወሩ «አሪፍ መጽሐፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ከዚያ ወዲያ የሚወራ ነገር አይኖርም። ያቆማችሁን ቦታ አምጡ። የቱ ጋ ተናደዳችሁ? የቱን አንቀጽ ሁለቴ አነበባችሁ? ፒዲኤፍም ሆነ ወረቀት ለውጥ የለውም። የጨረሰ ሰው ካለ መጨረሻውን እንዳይነግራችሁ አስቀድማችሁ ለምኑት።

እኔ ሰሞኑን ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ይዣለሁ። ወጣት ሳለሁ ልቤ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር ነበር የሚሮጠው። አሁን የበዛብህ እናት ጋ ቆምኩ። ልጇ ቢተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ተሳለች። እንዲህ ያሉ እናቶችን በሥራዬ ስንቴ አይቻለሁ! ትኩሳት የሚያቃጥለውን ልጅ ታቅፈው መድኃኒቱን እስካዘጋጅ ድረስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚሉ አይሰማኝም፣ ስለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እናም አላዘንኩባትም። ገባችኝ።

ይህንን አብራኝ ትሠራ ለነበረች ወጣት ነርስ ፒያሳ ተቀምጠን ነገርኳት። ሻይዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ልጁንስ ማን ጠየቀው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ያ ስለት እኮ ነው አድጎ ማግባት ሲያምረው ፊቱ የተገተረው። እኔ የታቀፈችውን ሳይ የታቀፈውን ረስቼዋለሁ። ቤት ገብቼ ገጹን ገለጥኩና እንደገና አነበብኩት። እናቲቱ አሁንም ታሳዝነኛለች። ልጁም ከእቅፏ ሆኖ ያየኛል።

እሷም አሁን መጽሐፉን ጀምራለች፣ ገና ከኔ ኋላ ናት። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ እዚያው ፒያሳ እንገናኛለን። እንዳልቀድማት ብዬ ፋሻዬን እናትየው ጋ ትቼዋለሁ።