የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴትስ ይጠበቃል? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ካውንቲ የጤና ጽሕፈት ቤት የክትባት ክምችት የምከታተል ነርስ ነኝ። ከወገኖቼ ለደረሱኝ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ኖቬምበር ክትባት አልቋል ተብዬ ተመለስኩ። አስቀድሞ በቂ ማዘዝ ያን ያህል ይከብዳል?

መልስ፦ ይከብዳል፤ ለኦክቶበር የሚሆነው ትዕዛዝ በአብዛኛው የሚገባው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ክትባት የሚመረጡትን የቫይረስ ዝርያዎች የሚያሳውቀው በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ አብዛኛው ክትባት ዛሬም በዶሮ እንቁላል ውስጥ ስለሚመረት ሥራው ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። በኖቬምበር አለቀብን ብለን አዲስ ይመረትልን ብንል የሚደርሰው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀረን ሌላ ቦታ የተረፈ ካለ መጠየቅ ብቻ ነው።

ቁጥሩን የምንቆርጠው ባለፉት ዓመታት በየሳምንቱ የሰጠነውን፣ ያስወገድነውንና ከበር የመለስነውን ሰው አይተን ነው። የሚያስቸግረው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የተሰጠ መርፌ ይመዘገባል፣ የተመለሰ ሰው ግን ዝም ብሎ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ትዕዛዝም እንዳልመጣ ይቆጠራል። እባክዎ ሲመለሱ «መዝግቡኝ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አብዝታችሁ አታዝዙም? የተረፈውን ለከርሞ ማቆየት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። አብዛኛው ክትባት ጁን 30 ላይ ጊዜው ያልፍበታል፤ ዝርያዎቹም በየዓመቱ እንደገና ይመረጣሉ።

ገንዘቡም አንድ ኪስ አይደለም። እዚህ አገር አብዛኛውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚገዙት ፋርማሲዎች፣ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ሲሆኑ፣ የመንግሥት ድርሻ ከዚያ ያነሰ ነው። ከ1989 እስከ 1991 በተከሰተው የኩፍኝ ወረርሽኝ ምክንያት በ1993 በሕግ የተቋቋመውና በ1994 ሥራ የጀመረው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ላላቸውና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች ይገዛል፤ ኢንሹራንስ ለሌለው አዋቂ የሚመደበው ግን ውስን ነው። በማቀዝቀዣችን ውስጥ የሁለቱ መደርደሪያ የተለያየ ነው። የልጆቹ ሞልቶ የአዋቂዎቹ ባዶ ሲሆን ከአንዱ አንስቼ ለሌላው መስጠት አልችልም፤ ሌሊት በፅዳት ሥራ አድሮ ለመጣ አባት ይህን ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፋብሪካ ቢቆምስ?

መልስ፦ ደርሷል። ኦክቶበር 5 ቀን 2004 የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊቨርፑል የሚገኘውን የካይሮን ኩባንያ ፋብሪካ በባክቴሪያ ብክለት ምክንያት ፈቃዱን አገደ። አሜሪካ ለዚያ ወቅት ከጠበቀችው ክትባት ግማሽ ያህሉ በአንድ ቀን ቀረ። ጤነኛ ጎልማሶች ለአረጋውያን፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ተራቸውን እንዲለቁ ተጠየቀ። እኛ ዛሬ ትዕዛዛችንን ለተለያዩ አምራቾች የምናከፋፍለው፣ አንዱ ቢያዘገይ ሌላው እንዲይዘን ብለን ነው።

ጥያቄ፦ በክትባት ማቀዝቀዣ በር ላይ የውኃ ጠርሙስ ተደርድሮ አየሁ። ለምንድን ነው?

መልስ፦ በሩ ሲከፈትም ሆነ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜው ቶሎ እንዳይለዋወጥ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ ከሙቀት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በረዶ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ክሊኒክ፣ ሰኞ ጠዋት የሙቀት መመዝገቢያውን ስናይ ቅዳሜ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። ሁለት ካርቶን ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። አንዱን ብልቃጥ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ ፈሳሹ እንደ ወትሮው ነው፣ ምንም ምልክት የለውም። ነገር ግን በረዶ የነካው ክትባት ኃይሉን ያጣልና «አይሰጥ» ብለን ለየነው፤ አምራቹን ከጠየቅን በኋላም ሁሉንም አስወገድነው። መመዝገቢያው ባይኖር ለሰው እንሰጠው ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። ለእሳቸው የተለየ ክትባት አለ?

መልስ፦ አለ። ከ2022 ጀምሮ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያለው ወይም ሌሎች ለአረጋውያን የተመረጡ ዓይነቶች ይቀደማሉ። በዕለቱ ከሌለ ግን ሌላውን ይውሰዱ እንጂ ባዶ እጃቸውን አይመለሱ።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ ክትባት እንዲሰጥ እንፈልጋለን። መቼ እንንገራችሁ?

መልስ፦ ብዙ ሰበካ ጉባኤዎች የሚደውሉልን በሴፕቴምበር ነው፤ ያኔ የምንሰጣችሁ ከሌላ ሰው ድርሻ ቀንሰን ነው። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ አረጋውያኑን፣ ኢንሹራንስ የሌላቸውንና ሕፃናቱን ለይታችሁ ቁጥር ስጡን። በተለይ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡትን ልጆች አትርሱብን፤ ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለና ይህን ክትባት ወስዶ የማያውቅ ልጅ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ስለሚወጋ፣ በትዕዛዛችን ላይ አንዱ ልጅ እንደ ሁለት ይቆጠራል።