ሃያኛው ባይት ላይ የተቆረጠችው «ጠራ»

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው፤ ሳያችሁ ደስ ይለኛል። እኔን ብዙ ያስከፈለኝን አንድ ነገር እናንተ በነጻ እንድታገኙት ብዬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የሰሜን ሸዋ ወረዳዎችን የገበሬ ዝርዝር ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚያሻግር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ላኪው በፓይተን፣ ተቀባዩ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ተቀባዩ የወረዳውን ስም 20 ላይ ይቆርጣል። እኔ 20 ፊደል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ኮምፒውተር መረጃን የሚሰፍርባት፣ አንዲት ቁጥር የምትይዝ ትንሽ መስፈሪያ። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዷ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ ባይት ይወስዳል። «ባሶና ወራና» ብዬ ሞከርኩ፣ አለፈ። «ሞጃና ወደራ» አለፈ። «ሞረትና ጅሩ»ም አለፈ። ሦስቱም 19 ባይት ናቸው! ሥራው አለቀ ብዬ አስረከብኩ።

«አንጎለላና ጠራ» ግን 25 ባይት ነው። እስከ ክፍት ቦታው ድረስ 19 ይሞላል፤ 20ኛው የ«ጠ» የመጀመሪያ ባይት ነው። «ጠ» በኮምፒውተሩ ውስጥ 225፣ 140፣ 160 ተብላ ነው የምትቀመጠው። ሁለቱ ተቆርጠው 225 ብቻዋን ቀረች። ሪፖርት የሚያወጣው ፓይተን እሷ ላይ ሲደርስ አላነብም ብሎ ቆመ። እኔም ቸኩዬ ነበርና የተበላሸውን ባይት እየዘለለ እንዲያነብ አዘዝኩት። ስህተቱ ከዓይኔ ጠፋ፤ ወረዳውም አብሮ ጠፋ። «አንጎለላና» ብቻውን ከወረዳዎቹ መዝገብ ጋር አልገጥም አለ፤ ከዚያው ወረዳ ከጫጫ ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ገበሬም «ስምህ የለም» ተባለ። እጄ ላይ የነበረውን ስህተት እሱ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስህተትን ዝለል የሚለውን ትእዛዝ አትንኩት። ፕሮግራሙ ጮኾ ይቁም። የቆመ ፕሮግራም ይጠገናል፣ በዝምታ የጠፋን ስም ግን ማን ይፈልገዋል?

እናቶቻችሁ እህል ሲሸምቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት በማን ቁና እንደሚሰፈር ነው፤ ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያልና። «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ስም ርዝመት ጠይቁ፤ ፓይተን 3 «ስምንት» ይላችኋል፣ ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ «22»። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ፊደል ሰፈረ፣ ሌላው ባይት። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በምትሻገሩበት በር ላይ የያዛችሁት ባይት ይሁን ጽሑፍ ለይታችሁ እወቁ። ሲገባ ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም እንደ ዩቲኤፍ-8 ያለውን ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ደንብ፣ በስሙ ጠርታችሁ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ ውስጥ በጽሑፍነቱ ሥሩበት፤ ሲወጣ መልሳችሁ ባይት አድርጉት። መገመት አያስፈልግም፣ ከላኪው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ባይት ሁሉ ግን ጽሑፍ አይደለም። ፎቶ፣ የምስጢር ቁልፍ፣ የሃሽ ውጤት (ከመረጃ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ) ወደ ፊደል ልቀይር ካላችሁ ይበላሻል። ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ በጄሰን፣ መላክ ካለበት ባይትን በተራ ምልክቶች በሚጽፈው በቤዝ64 ጠቅልሉት፤ ሦስቱ ባይት አራት ምልክት ይሆናል፣ መጠኑ ያብጣል እንጂ አይጎድልም። ወደ ሲ ቋንቋ የሚሻገር ከሆነ ርዝመቱን አብራችሁ ላኩ። የሲ የጽሑፍ ትእዛዞች ዜሮ ባይት ሲያገኙ አለቀ ብለው ይቆማሉ፤ በዘፈቀደ የወጣ ቁልፍ ውስጥ ደግሞ ዜሮ መኖሩ የተለመደ ነው።

የክፍያ መልእክት ለምትቀበሉ ይህችን ልጨምር። መልእክቱ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠው ፊርማ የተሰላው በላኪው ባይቶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ጄሰኑን ከመፍታታችሁ በፊት እንደመጣ አረጋግጡት። ፈታታችሁ መልሳችሁ ከጻፋችሁት ፓይተን ካልከለከላችሁት በቀር እያንዳንዷን የአማርኛ ፊደል በስድስት የእንግሊዝኛ ምልክት ይተካታል። ትርጉሙ ያው ነው፣ ባይቱ ግን ሌላ ነው፤ ትክክለኛው ፊርማ ሐሰተኛ ሆኖ ይታያችኋል።

አሁን አዲስ ሥራ በተረከብኩ ቁጥር መጀመሪያ «አንጎለላና ጠራ»ን አስገባለሁ፤ ቀጥዬ «ሀገረ ማርያምና ከሰም»ን። እሱ 35 ባይት ነው፤ 20 ላይ ከተቆረጠ «ሀገረ ማርያ» ይልና የ«ም»ን 225 ያንጠለጥላል። ሁለቱም በአንዱ በር ገብተው በሌላው ሙሉ ሆነው ሲወጡ ካላየሁ አላስረክብም።