አስፓራገስ ለሸዋ ሮቢት ገበሬ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ነጭ አስፓራገስ (ቀንበጡ የሚበላ አትክልት) በመንገድ ዳር በውድ ዋጋ ሲሸጥ የሚያሳይ ፎቶ ልኮልኝ፣ ሽንኩርቱን ትቼ እርሱን እንድተክል እየወተወተኝ ነው። በውጭ አገር ገበያው እንዴት ነው? እኔንስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ወንድምዎ ያዩት ዋጋ ውሸት የለበትም፤ ሆኖም ያን ዋጋ የሚያመጣው ሰብሉ ብቻ ሳይሆን የወቅቱ ማጠርና የማሳው ቅርበት ጭምር ነው። ጀርመን ውስጥ ነጩ አስፓራገስ የሚቆረጠው ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ አንሥቶ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሰኔ 17 ቀን (ጁን 24) ድረስ ነው፤ ይህም በእነርሱ ዘንድ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት የሚከበርበት ዕለት ሲሆን (እኛ ሰኔ 30 እናከብረዋለን)፣ ከዚያ በኋላ ሥሩ ለከርሞው ኃይል እንዲያጠራቅም ቀንበጡ ሳይቆረጥ እንዲያድግ ይተዋል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ገበሬው በማሳው አቅራቢያ ዳስ ጥሎ፣ ጠዋት የተቆረጠውን በውፍረትና በቀጥተኝነት ለይቶ፣ ለፈለገ ደንበኛም ልጣጩን እዚያው በማሽን ልጦ በኪሎ ይሸጣል። ቀጥ ያለውና ጫፉ ያልተከፈተው ውድ ነው፤ የተጣመመውና የተሰበረው ለሾርባ በርካሽ ይሄዳል።

አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው አረንጓዴው ሲሆን፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ግርጌው እንዳይደርቅ ውኃ ባለበት መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ስፔን፣ በተለይ ናቫራ የተባለው ግዛቷ፣ ነጩን በቆርቆሮና በጠርሙስ አሽጋ በመሸጥ ትታወቃለች።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፔሩ ታሪክ ይመስለኛል። የፔሩ ጠረፍ ተክሉን የሚያሳርፍ ብርዳማ ወቅት የማያውቀው በረሃ ስለሆነ፣ ገበሬዎቹ መስኖውን ለጊዜው በማቆም ተክሉን ያሳርፉና ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተራ በተራ ይቆርጣሉ። አሜሪካ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፔሩን ለመሳሰሉ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ አገሮች የቀረጥ ነፃ ዕድል ከሰጠች በኋላ ወደዚያ የሚልኩት ትኩስ ምርት በእጅጉ አደገ፤ የሚጓዘውም በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። አስፓራገስ ከተቆረጠም በኋላ መተንፈሱን አያቆምም፤ ሙቀት ካገኘው ስኳሩን ይጨርስና እንደ እንጨት ይጠነክራል። ስለዚህ ወዲያው ቀዝቅዞ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት።

በእኔ አስተያየት ሽንኩርቱን መተው የለብዎትም። ሽንኩርት በጥቂት ወራት ለገበያ ሲደርስ፣ አስፓራገስ በቂ ምርት ለመስጠት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ሊቆረጥ ይችላል። ሽንኩርትዎን ማሳ ላይ የሚገዛው ደላላ ይህን ሰብል በኩንታል አይረከብዎትም። ለሙከራ ውኃ የማይተኛበት ጥግ ላይ ጥቂት መደብ ይትከሉ፤ ስለ አፈሩም የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ያማክሩ። ዘር ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችን የግዥ ክፍሎች አነጋግረው፣ ነጩን ወይስ አረንጓዴውን እንደሚፈልጉ፣ የእስሩን ክብደትና የቀንበጡን ውፍረት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚረከቡና በመንገድ የተበላሸው በማን ሒሳብ እንደሚያዝ በጽሑፍ ይቀበሉ።