ስለ ወረርሽኝ የኮምፒውተር ማስመሰያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የበሽታን ሥርጭት ያስመስላል ሲባል በውስጡ የሚከናወነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ዕድሜው፣ ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ የሚመዘገብበት አንድ መስመር ይያዝለታል። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ እንውሰድ። ብርድ ነው ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው አንድ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ቢያስል፣ ኮምፒውተሩ ለቀሩት ተሳፋሪዎች መያዝ አለመያዛቸውን የሚወስን ዕጣ ለየብቻ ያወጣል፤ የተያዘውም ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ለልጆቹና ለባለቤቱ እንደገና ዕጣ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በሱፐርኮምፒውተር (እጅግ ፈጣን በሆነ ግዙፍ ኮምፒውተር) ይህንን ለ281 ሚሊዮን የአሜሪካ ነዋሪዎች አስልተውታል።

ጥያቄ፦ ቀላል ቀመር አይበቃም?

መልስ፦ ከርማክና ማኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1927 ሕዝቡን ተጋላጭ፣ ሕመምተኛና ያገገመ ብለው የከፈሉበት ስሌት ዛሬም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር እኩል ይገናኛል ብሎ ስለሚነሣ፣ ትምህርት ቤት በመዝጋትና ሰኞ ገበያን በመዝጋት መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አያሳይም።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ በብሪታንያ በኮቪድ-19 510 ሺህ ሰው ይሞታል ተባለ፤ አልሆነም። ታዲያ ምን እንመን?

መልስ፦ ቁጥሩ የተሰጠው መንግሥትም ሕዝቡም ምንም ዓይነት ጥንቃቄ ባያደርጉ በሚል ግምት ነው፤ ጥንቃቄው ከተደረገ በኋላ ያንን ቁጥር ከእውነተኛው የሟቾች ብዛት ጋር ማመሳከር ተገቢ አይደለም። ቁጥሩ የተሰላበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮድ በመጀመሪያ ለሕዝብ ክፍት ባለመሆኑ የቀረበው ወቀሳ ግን ትክክል ነበር እላለሁ።

ጥያቄ፦ ለእኛ ለሁለቱ ከተሞች ይህን ለመሥራት ሱፐርኮምፒውተር ያስፈልገናል?

መልስ፦ አያስፈልገንም፤ ለጥቂት መቶ ሺህ ሰው ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። የሚጎድለን ማን ከማን ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚያሳይ መረጃ ነው። በስምንት የአውሮፓ አገሮች ሰዎች በአንድ ቀን ያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ እንዲመዘግቡ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ታትሟል፤ ነገር ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ለቅሶ ቤት በድንኳን ተጠጋግቶ መዋል፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና መጠጣት፣ ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መዋል አይገኙም። ስለዚህ ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለደሴ መጠቀም ያሳስበኛል። የራሳችን መዝገብ የተገናኙትን ሰው ዕድሜ፣ ቦታውን፣ የቆዩበትን ሰዓት፣ መጨባበጥ መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ ቢጠይቅና በገበያ ቀንም በአዘቦት ቀንም ቢሞላ ለመጀመሪያው ስሌት ይበቃል።