ለጭቃና ለአሸዋ የሚወጣ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ዝግ ፍሬን ያዋጣዋል ወይ?

ወንድሜ፣ የያዝካቸው ወታደራዊ ካሚዮኖችና ብረት ለበሶች በአሸዋና በጭቃ የፍሬን ሸራ እየጨረሱ ስላስቸገሩህ፣ ሳህኖቹ በታሸገ ቤት ውስጥ በዘይት ተነክረው ወደሚሠሩበት ዝግ ፍሬን ብትቀይር ያዋጣህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ያዋጣሃል። ብዙዎች ግን ፍሬኑን በውድ ገዝተው ትርፉን በአንድ ጣሳ ዘይት ያጡታል። ሻጩ ይህን አይነግርህም።

1. ትርፉን በማቆሚያ ርቀት ብቻ አትለካው፤ ጎማ ሳይወልቅ መኪናው የሚሠራበትን ጊዜ ቁጠር። በተራው ፍሬን ታምቡር (ሸራው የሚፋተግበት ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት) ውስጥ የገባ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸራውንም ብረቱንም ይበላል። ወንዝ ሲሻገር ሸራው ይርስና ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም፤ አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲደርቅ ደግሞ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በኮንቮይ ተከታትለው ከወንዝ የወጡ መኪኖች እያንዳንዳቸው በተለያየ ርቀት ሲቆሙ ምን እንደሚከተል ታውቀዋለህ። ዝጉ ፍሬን ከወንዝ በፊትም በኋላም አያያዙ አንድ ነው። ለወራት መጋዘን የሚቆሙ ተጠባባቂ መኪኖች ካሉህም ታምቡር ላይ ዝጎ የሚጣበቅ ሸራ ይቀርልሃል። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ የአሜሪካው አብራምስ ታንክ ፍሬን ካምቢዮው ውስጥ በዘይት የሚቀዘቅዝ ባለ ብዙ ሳህን ነው።

2. ዘይቱ። ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ፍሬኑ ሁለት ፈሳሽ አለው፦ ሳህኖቹ የሚነከሩበት ዘይትና ፒስተኑን የሚገፋው ፈሳሽ። ሳህኖቹ የሚነከሩበት ዘይት ለእርጥብ ፍሬን፣ ማለትም በዘይት ለሚነከር፣ የተሠራ፣ የፍትጊያ ማስተካከያ ቅመም ያለው መሆን አለበት። ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ከሞላህ ሳህኖቹ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ያቃስታሉ፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ መካኒኩ ሳህኑ አልቋል ብሎ ይፈታዋል፤ ጤነኛ ሳህን ይጣላል፣ አዲስ ይገባል፣ ያው ዘይት ይመለስበታልና ድምፁም አብሮ ይመለሳል።

የሚገፋው ፈሳሽ ጥፋት ከዚህ ይብሳል። አንዳንዱ ፍሬን በማዕድን ዘይት ይሠራል፣ አንዳንዱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 በሚባለው የፍሬን ፈሳሽ፤ የሁለቱ ጎሚኒ (ፈሳሹ እንዳያፈስ የሚያግደው ላስቲክ) የተለያየ ነው። ለዶት በተሠራ ጎሚኒ ላይ ትንሽ የማዕድን ዘይት ከገባ ጎሚኒው ያብጣል፣ ፒስተኑ አይመለስም፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ እየያዘ ሳህኑን ያቃጥላል። አንዴ ከተቀላቀለ አጥቦ መሙላት አይበቃም፤ ከዋናው ፓምፓ እስከ ጎማው ድረስ ያለው ጎሚኒና የላስቲክ ቱቦ በሙሉ ይቀየራል። የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ጊዜ ጋራዡ አይደለም። የግዢ ክፍሉ «የፍሬን ዘይት» የሚል ወረቀት ይደርሰውና በዋጋ ያነሰውን ያመጣል፤ ሲጠየቅም «ፍሬን ዘይት አይደል?» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ በመጠየቂያው ላይ በአምራቹ መመሪያ ያለውን መለያ ቁጥር ቃል በቃል ጻፍ፣ «አቻው አይፈቀድም» በል። ጋራዥ ውስጥ ለሁለቱ የተለያየ ቀለም ያለው ጣሳና ለየብቻ ማንቆርቆሪያ አድርግ። ዝግ መባሉም አያታልልህ፤ ዶት 4 በዕቃው ውስጥም እርጥበት ይስባል። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት የጠጣው ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው።

3. መተንፈሻው። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተርና ውሃውን በማገጃው (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚከላከለው ቀለበት) በኩል ይስባል። የመተንፈሻ ቱቦውን መኪናው ከሚሻገረው ጥልቀት በላይ አውጣው። በጭቃ ከተደፈነም በተቃራኒው ግፊቱ ዘይቱን አውጥቶ ይተፋዋል፤ ዘይት ያንጠባጠበ ማገጃ ከመቀየርህ በፊት መተንፈሻውን እይ። ከወንዝ በኋላ የታችኛውን ቡሎን ጥቂት አላላ፦ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ቢጫ ብልጭታ የነሐስ ሳህን እየተበላ ነው፣ ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ሙቀት አልፎታል።

የብረት ቀለበት ማገጃ ስትገጥም ጎሚኒውና የሚቀመጥበት ቦታ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቀጭን ዘይት የሚቀባው የሚፋተገው የብረት ፊት ብቻ ነው። ጎሚኒው ከተጠማዘዘ ወይም አሮጌ ቀለበት ከአዲስ ከተጣመረ ማፍሰሱ አይቀርም።

አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በአስፋልት በፍጥነት የሚሮጡትን አትንካቸው። ሳህኖቹ ዘይት እየቀዘፉ ነዳጅ ይበላሉ፣ ሙቀትም ይፈጥራሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይም የሞተር ፍሬን ወይም ሪታርደር (ያለ ጎማ ፍሬን ፍጥነት የሚቀንስ መሣሪያ) ከሌለ ዘይቱ ይጋልና አያያዙ ይወርዳል። ጭቃ ውስጥ የሚውሉትን አስቀድም፤ ዋናው ፓምፓ ለአዲሱ ፒስተን የሚበቃ ፈሳሽ መግፋቱንም ሳታሰላ አትዘዝ። የእጅ ፍሬኑ በሞላ የሚይዝ፣ በግፊት የሚለቅ ከሆነ ሞተሩ የጠፋ መኪና እንዲሁ አይጎተትም፤ የማላቀቂያው ቡሎንና ቁልፉ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ይኑር፣ ሾፌሩም አሠራሩን ይልመድ።