ትራስ ሥር የተገኘው የብስኩት ላስቲክ

«ልጄ 4 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በቅርቡ ጉንፋን ይዞት ሐኪም ዘንድ ስወስደው ክብደቱ ለቁመቱ በጣም ይበዛል አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣፋጭ ከለከልኩት። ባለቤቴ ግን ‹ልጅ አይደል? ሲመዘዝ ይጠፋለታል› ይላል፤ ማታ ሲገባም ኪሱ ብስኩት አያጣም። አብራን የምትኖረው አማቴ ደግሞ ሳህኑን ካልጨረሰ አታስነሳውም። ባለፈው ሳምንት አልጋውን ሳነጥፍ ትራሱ ሥር የብስኩት ላስቲክ አገኘሁ። ጮህኩበት፣ አለቀሰ። ከባለቤቴም ጋር ሦስት ቀን ተኳረፍን። እኔ ራሴ ከወለድኩ ወዲህ ከውፍረት ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። እንደኔ እንዳይሆን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ በሐሳቤ የቀረው የልጅሽ ክብደት አይደለም፤ ያ ላስቲክ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብስኩት ደበቀ ማለት ሆዳም ነው ማለት አይደለም። አባቱ ሲሰጠው ብስኩት ፍቅር ነው። አንቺ ስታዪው ጥፋት ነው። ከሁለታችሁም ላለመጣላት ደበቀው። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እደብቅ ነበር።

ስለ መከልከል አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ትንንሽ ልጆች የሚወዱት ምግብ ፊታቸው እያለ እንዳይነኩት ተደረገ። ምን ሆነ? ስለዚያ ምግብ ይበልጥ ያወሩ፣ ይበልጥም ይፈልጉት ጀመር። ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ብስኩትም እንደዚያው ነው። ቤት ውስጥ ጭራሽ የሌለ ነገር ግን ክልክል አይሆንም፤ የለም፣ በቃ። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ሱቅ ስትገቡ ነው እንጂ ልጁ እጁን ሲዘረጋ አይደለም። አልፎ አልፎ ደግሞ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ፣ እሱም በግልጽ፣ ያለ ቁጣ ይብላ።

አማትሽን በተመለከተ፣ እናት ናትና ቀስ ብለሽ ነው። ትንሽ ልጅ ሲጠግብ ያውቀዋል። «ጨርስ» እየተባለ ሲያድግ ግን ጥጋቡን ከሆዱ ሳይሆን ከሳህኑ ማየት ይለምዳል። የልጆች አመጋገብ ባለሙያዎች የሚመክሩት የሥራ ክፍፍል አለ፦ ምን፣ መቼ እና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ። ለአማትሽ «አይብላ» ሳይሆን «ትንሽ እናውጣለት፣ ካነሰው ይጨምራል» በያት። ክብሯም አይነካም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። አውቆ ዓይኑን የጨፈነ ይመስልሻል፤ እኔ አይመስለኝም። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ክብደታቸው ከልክ ካለፈ ልጆች ወላጆች ግማሽ ያህሉ ይህን አያስተውሉትም። ልጅህን በየቀኑ ስታየው ውፍረቱ አይታይህም። ያ ብስኩት ደግሞ ብስኩት ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሳላይህ ዋልኩ የሚለው በሱ ነው። ልጁ እየሮጠ መጥቶ ኪሱን ሲበረብር አባትየው ደስ ይለዋል። ይህን ደስታ ነጥቀሽ ባዶ እጁን አታስቀሪው። ሲገባ ልጁን አባሮ የሚይዝበት፣ ትከሻው ላይ የሚያወጣበት 20 ደቂቃ ስጪው። ስልኩ ይቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፤ ከዚህ 60ው ላብ ላብ የሚያሰኝ ቢሆን። ስክሪን ፊት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይቀመጡ፣ እንቅልፋቸውም ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይሁን ይላል። የአባት ድርሻ እዚህ ውስጥ ሞልቷል።

የሚከብደውን ላንቺ አቆይቼዋለሁ። ሚዛን ላይ ስትወጪ ልጅሽ ያይሻል? መስታወት ፊት ሆነሽ «ወፍሬ ሞትኩ» ስትዪስ? ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ላይ ስለ ምግብ የምትጽፊው ምክርሽን ሳይሆን ፍርሃትሽን እንዳይሆን እፈራለሁ። ስለራስሽም ስለሱም ሰውነት ማውራቱን ለጊዜው ተዪው። «ድቡልቡሌ» የሚለውንም ቁልምጫ ጭምር። በቤተሰቡ በውፍረቱ የሚቀለድበት ልጅ ኋላ ላይ ከምግብ ጋር ያለው ነገር ሊበላሽበት ይችላል።

ለመክሳት ተብሎ የምግብ ቅነሳ የሚባል ነገር አታስጀምሪው። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ እንዲወርድ ሳይሆን ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ይህንንም ሐኪሙ በእድገት ሰንጠረዡ እየተከታተለ ይንገርሽ። ተኝቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ ወይም ቁመቱ መጨመር ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ስለ ጩኸቱ፦ «ያን ቀን የጮህኩብህ ተሳስቼ ነው። ብስኩት ሲያምርህ ንገረኝ» በይው። ይበቃዋል። ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ የሁለታችሁንም ልማድ ሳትደብቁ ተነጋገሩ። ላስቲኩ እንደገና ትራስ ሥር ይገኝ ይሆናል። ያኔ አንሥተሽ ጣዪው። «ማን ሰጠህ?» ብለሽ ግን አትጠይቂው። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ በአባቱ ላይ ምስክር አታድርጊው።