15 ባር የሚለው ማሽን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ቤቴ ማኪያቶ መሥራት አምሮኛል። ካርቶኑ ላይ «15 ባር» የሚል ማሽን አይቻለሁ፤ ልግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ አያጓጓሽ። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ለኤስፕሬሶ 9 ባር ገደማ ይበቃል፤ 15 የሚሉት ፓምፑ የሚችለውን ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ጥሩ መፍጫ እገዛለሁ፣ ምክንያቱም ምርጥ የሲዳማ ቡና ቆልተሽ በሙቀጫ ብትወቅጪው ድቀቱ እኩል ስለማይሆን ውሃው ክፍተት ፈልጎ ሾልኮ ያልፍና ቡናው ቀጥኖ ይወርዳል። ለማኪያቶ ደግሞ ወተት የሚያፈላ የእንፋሎት ቱቦ እንዳለው እዪ። በካፕሱል፣ ማለትም ተፈጭቶ በትንንሽ ዕቃ በታሸገ ቡና የሚሠራውን ማሽን እርሺው፣ ቡና አገር ተቀምጦ የታሸገ ፍለጋ!

መብራት የሚያስቸግርሽ ከሆነ ግን ምድጃ ላይ የሚጣደው ሞካ የሚባለው የቡና ማፍያ ይሻልሻል። በጋዝም ይሠራል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ የማሽኑን ዓይነት ወፍራም አረፋ አትጠብቂ።